አጨብጭበው ያለፉት ጥያቄ

ባቡሩ ጠመዝማዛውን ዳገት ጨርሶ ሜዳው ላይ ሲለቀቅ፣ የባቡር መጠገኛው ተወካይ በቀይ ከፋይ ከተለበጠው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከእግሩ ሥር የሚመጣውን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። ይህን ፉርጎ ያውቀዋል። ሆዱ ሥር ተኝቶ ዘይት ተንጠባጥቦበታል፤ የብረት ጎማዎቹን በመዶሻ እየመታ፣ ሐኪም የታማሚ ደረት እንደሚያዳምጥ ጆሮውን ደቅኖ አዳምጧቸዋል። ውስጡ ሲቀመጥ ግን የዛሬው የመጀመሪያው ነው። አንደኛ ማዕረግ የጌቶች ነውና።

የነሐስ ቁልፍ የተደረደረበት ኮት የለበሰው ትኬት ተቆጣጣሪ በሩን ከፍቶ አየውና ሊያስወጣው አፉን ከፈተ። ከዚያ ደረቱ ላይ የተሰካውን የሸንጎ ተወካይ ሪባን ሲያይ አፉን መልሶ ገጠመ።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለ።

«ምንም አይደል» አለ ተወካዩ። «እኔም ራሴን እዚህ ሳየው አላምንም።»

በመጠገኛው ያለ ሰው ሁሉ አለቃ መዶሻ ይለዋል። ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው ይባላል፤ ሚስቱ ግን ከጠባዩ ነው ባይ ናት። «ነገር ሲያጋጥመው መትቶ ሳያየው አያልፍም» ትላለች።

ፊት ለፊቱ የከተማው ሁለተኛ ተወካይ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ እጆቹን ሆዱ ላይ አጣምሮ ያንቀላፋል። ደግ ሰው ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ መጨረሻ የተናገረው ሰው ያሳምነዋል።

የሚሄዱበት ጉዳይ የአገሩን ሰው ከቤት እስከ አደባባይ ከፋፍሎት ከርሟል። የላይኛው አገር ከሁለቱ የታች አገሮች ጋር በኅብረት ከታሰረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር። ከታላቁ ጦርነት በኋላ የየአገሩ ሽማግሌዎች ተማምለው አንድ ገንዘብ፣ አንድ ጦር፣ አንድ የባቡር መሥመር ይሁን አሉ። በትልቁ ወንዝ ድልድይ ላይ የነበረው ኬላ ፈረሰ፤ ቀረጥ የሚባል ነገር ቀረ። መጀመሪያ ላይ ያልወደደው አልነበረም። እያደር ግን ሹመቱ ሁሉ ወደ ታች አገር ሰው አዘነበለ። በአንድ ጠረጴዛ አንድ ዓይነት ቡሎን የሚያጠብቁ ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ደሞዝ ይቀበሉ ጀመር። ሸንጎው እንውጣ ወይስ እንቆይ ብሎ የተጠራው ለዚህ ነው።

አለቃ መዶሻ እንውጣ ከሚሉት ነበር፤ ያውም ከፊተኞቹ። ከታች አገር የተላኩለትን ሦስት ወጣት መሐንዲሶች ሥራውን አስተምሯል፤ ሦስቱም በየተራ አለቃው ሆነው ተሾመውበታል። የመጨረሻው፣ የአሁኑ ዋና መሐንዲስ፣ ሲመጣ የአለቃ መዶሻ ጢም ግማሹ ሸብቶ ነበር። ለእሱ ኅብረት ማለት ይህ ነው፤ እሱ ያስተምራል፣ ሌላው ይሾማል።

ታዲያ ባቡሩ ውስጥ እንዲህ ያቁነጠነጠው የሚስቱ ነገር ነው። ለጉዞ የተዋሰውን ኮት እየቦረሸች ሳለ፣ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«የምትጠግኑት ፉርጎ የማን ነው?»

«የኅብረቱ ነዋ።»

«ከኅብረቱ ስትወጡ ፉርጎው አብሯችሁ ይወጣል?»

 ተቆጣ። «ይኼ የወንድምሽ ነገር ነው። ያ ጠበቃ አፍሽ ውስጥ ገብቶ ነው የሚናገረው።»

«ወንድሜ ይህን ቤት ከረገጠ ዓመት አልፎታል፤ እናንተው ተጣልታችሁ። እኔም ጭንቅላቴን ተሸክሜ የምዞረው ሻሽ ላስርበት ብቻ አይደለም።» ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። «እንውጣ ስትል እኔም እንውጣ ብያለሁ። አባቴን ያለ ጡረታ ያባረሩት እነሱ ናቸው፤ አልረሳሁም። ግን በማግስቱ ሠራተኛው በጠዋት ተነሥቶ ምን ሊሠራ ነው? ይህን ጠይቅ። መልስ ሳይሰጡህ እጅህን እንዳታወጣ።»

«እሺ» አላት። እሺ ያላት ደግሞ ከልቡ ነበር።

ባቡሩ ውስጥ ጥያቄውን ለዳቦ ጋጋሪው ነገረው። ዳቦ ጋጋሪው ዓይኑን ገልጦ፣ «ይኼማ ትልቅ ነገር ነው። እውነትህን ነው፣ ፉርጎ ከሌለ እኛም ለማን እንጋግራለን?» አለና ተጨነቀ። በሚቀጥለው ጣቢያ አንድ ወጣት መኮንን ተሳፍሮ ስለ ነጻነት ሲያወራላቸው ደግሞ፣ «ይኼማ ትልቅ ነገር ነው» ብሎ ጭንቀቱን ረሳው።

ሸንጎው የተሰበሰበበት አዳራሽ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ከፍ ካሉት መስኮቶች የሚገባው ብርሃን አቧራውን እየሰነጠቀ አረንጓዴ ጨርቅ በተነጠፈበት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። የሸንጎው ሰብሳቢ፣ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ዳኛ፣ የጠረጴዛ ደወል ፊቱ አድርጎ ተቀምጧል። ለደወሏ የነበረው ፍቅር ለክርክሩ ከነበረው ይበልጥ ነበር።

አለቃ መዶሻ ጠዋት እጁን አነሣ። «ተራዎን ይጠብቁ» ተባለ። ጠበቀ። የነጋዴዎች ተወካይ ተናገረ፤ የመሬት ባለቤቶች ተወካይ ተናገረ፤ አንድ ጡረተኛ አምባሳደር ስለ ጥንት መንግሥታት አወዳደቅ ተናግሮ መውረጃው ጠፋው። ሁሉም «የተከበራችሁ» ብለው ይጀምራሉ፤ ሁሉም «ታሪክ ይፈርደናል» ብለው ይጨርሳሉ። በመሃሉ ያለው ውኃ ወቀጣ ነው።

ከዚያ የእንውጣ ባዮቹ መሪ ሻለቃው ተነሣ። ጦርነቱ ላይ ግራ እጁን አጥቷል፤ ባዶው የኮት እጅጌ ወደ ላይ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሰው በገዛ ቤቱ ሲያጣ እንኳ በሩን የሚዘጋውም የሚከፍተውም ራሱ ነው አለ። ልጆቻችን የሌላ ሰው አሽከር ለመሆን አይማሩም አለ።  ይህ ሰው የአለቃ መዶሻን የስንት ዓመት ንዴት በአንድ ትንፋሽ ተናገረለት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ከእንቆይ ባዮቹ በኩል የተነሣው ጠበቃው ነበር፤ የአለቃ መዶሻ የሚስት ወንድም። ቀጭን፣ መነጽሩን በየአፍታው እያወለቀ የሚወለውል ሰው ነው። ኬላው እንደሚመለስ፣ ጋዝና ጨው እንደሚወደድ፣ በታች አገር የሚማሩ ተማሪዎች እንደሚባረሩ፣ የኅብረቱ ጦር ጡረተኞች ደጅ ሲጠኑ እንደሚያረጁ ተናገረ። የተናገረው ብዙው እውነት ሳይሆን አይቀርም። አነጋገሩ ግን ለልጅ ጅብ መጣብህ እንደሚል ሞግዚት ነበር፤ ሰውን ያስኮርፋል እንጂ አያሳምንም።

«አለቃ መዶሻ፤ ይቅርታ፣ የመጠገኛው ተወካይ» አለ ሰብሳቢው በመጨረሻ።

ተነሣ። የተዋሰው ኮት ትከሻው ላይ ጠበበው። «እኔ አጭር ሰው ነኝ» ሲል ሳቁበት፤ ቁመቱ ከሁሉም ይበልጥ ነበርና። «ማለቴ ንግግሬ አጭር ነው። እንውጣ ብሎ የላከኝ ከተማ ነው። ግን ከተማው በሙሉ የሚያድረው የኅብረቱን ፉርጎ ጠግኖ ነው። ስንወጣ የማንን ፉርጎ ነው የምንጠግነው? ይኼን ብቻ ንገሩኝ።»

ሻለቃው በአክብሮት ራሱን ነቅንቆ ተነሣ። «ጥያቄው የሚገባ ነው። ለተከበሩት ተወካይ መልሴ ይህ ነው፤ ነጻ ሕዝብ ሥራ ይፈጥራል እንጂ ሥራ አይለምንም።»

ጭብጨባው ከቅድሙ ባሰ። ዳቦ ጋጋሪው እንኳ ያጨበጭባል።

«ክቡር ሻለቃ» አለ አለቃ መዶሻ፣ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቆ፣ «እኔ የጠየቅሁት ስለ ፉርጎ ነው።»

ደወሏ ጮኸች። «ሰዓትዎ አልቋል» አለ ሰብሳቢው።

«መልስ እኮ አልተሰጠኝም ጌታዬ።»

«ጥያቄዎ ለኮሚቴ ይመራል።»

«ኮሚቴው የሚሰበሰበው መቼ ነው?»

«ከውሳኔው በኋላ።»

የሚናገሩት በአንድ ቋንቋ ነው፤ የሚሰማውም በዚያው ነው፤ ግን በመሃል ላይ ወንዝ የሚፈስ ይመስል ቃሉ ሳይደርስ ይቀራል። ሊቀመጥ ሲል አማቹ ብድግ አለ።

«አያችሁ?» አለ ጠበቃው ለአዳራሹ። «የራሳቸው ሰው ጠየቃቸው፤ መልስ የላቸውም። መልስ የሌለው ለምን መሰላችሁ? የታች አገር መሐንዲስ አጠገባቸው ቆሞ ካላሳያቸው እነዚህ ሠራተኞች ቡሎን በየት በኩል እንደሚዞር አያውቁም። ያለ ሞግዚት መቆም የማይችል ልጅ ከቤት እወጣለሁ ሲል ነው የምንሰማው።»

አለቃ መዶሻ ቆሞ ቀረ።  አስተምሯቸው የተሾሙበት ሦስቱ መሐንዲሶች አንድ በአንድ ዓይኑ ላይ መጡ። የጎረምሳነቱ ጊዜ ቢሆን ጠረጴዛውን ዘሎ ነበር። አሁን ግን ዳቦ ጋጋሪው የኮቱን ጫፍ ይዞ አስቀመጠው።

ለምሳ ሲወጡ በኮሪደሩ ላይ ጠበቃው ደረሰበት። እጁን ትከሻው ላይ ሊያሳርፍ ሲል አለቃ መዶሻ ትከሻውን አሸሸ።

«ምን ሆነሃል? ደገፍኩህ እኮ» አለ ጠበቃው።

«ሰደብከኝ እንጂ መቼ ደገፍከኝ ጋሼ።» የሚስቱ ታላቅ ነውና በጠቡ መሃል እንኳ ጋሼ ማለቱን አልተወም።

«የክርክር ወግ ነው፤ ለምን ወደ ልብህ ታስገባዋለህ? ጥያቄህ ግሩም ጥያቄ ነው። ከሰዓት እኛን ምረጥ፣ በቃ።»

«ብንቆይስ? ደሞዛችን እኩል ይሆናል? ከእኛ መሃል ሰው ይሾማል?»

ጠበቃው መነጽሩን አወለቀ። «ይኼ ሌላ ጉዳይ ነው። አሁን የቀረበው ጥያቄ መውጣትና መቆየት ነው።»

«ልክ ነህ ጋሼ» አለ አለቃ መዶሻ። «የእኔ ጉዳይ እዚህ ቤት ሁልጊዜ ሌላ ጉዳይ ነው።» ጥሎት ሄደ።

ሻለቃውን ያገኘው በመጋዘኑ ጓሮ፣ ለብቻው ቆሞ ሲያጨስ ነው። ክብሪቱን በአንድ እጁ ጭሮ ሲያቀጣጥል አይቶ ሊረዳው ሲል ሻለቃው በዓይኑ ከለከለው።

«እንደሚመጡ አውቄ ነበር» አለ ሻለቃው። «እውነቱን ልንገርዎት?»

«የመጣሁት ለሱ ነው ክቡር ሻለቃ።»

«አላውቀውም። ፉርጎዎቹ ምን እንደሚሆኑ እኔም አላውቅም።»

አለቃ መዶሻ ይህን አልጠበቀም። «ታዲያ ለምን አላውቅም አላሉም?»

«አላውቅም የሚልን መሪ ማን ሲከተል አይተዋል?» ሻለቃው ጭሱን ወደ ጎን ለቀቀ። «እንደምንደራደር አስባለሁ። ጠጋኝ እነሱም ያስፈልጋቸዋል፤ የእርስዎን ዓይነት እጅ በቀላሉ አያገኙም።»

«ሌላ መጠገኛ ቢሠሩስ?»

ሻለቃው ባዶ እጅጌውን ጨበጠ። «እኔ ለዚህ ኅብረት እጄን ሰጥቻለሁ» አለ። «በሆስፒታል የታች አገሩን ቁስለኛ አልጋ ላይ፣ እኔን ኮሪደር ላይ አስተኙን። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ነገር ማስላት አልቻልኩም። ከምርጫው በፊት ጥያቄውን እንዳይደግሙት እለምንዎታለሁ። አላዝዝዎትም፤ እለምንዎታለሁ።»

 ይህ ሰው ቢዋሸው ኖሮ ለአለቃ መዶሻ ይቀለው ነበር።

ከምሳ በኋላ ድምፅ መስጠት ተጀመረ። «መውጣትን የሚደግፉ እጃቸውን ያውጡ» አለ ሰብሳቢው። በየወንበሩ እጅ ይነሣ ጀመር። አለቃ መዶሻ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ ያዛቸው። መልስ ሳይሰጡህ፣ ብላዋለች። መልስ አልሰጡትም። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው።

ቀና ሲል ከማዶ ጠበቃው ያየዋል። ፈገግ ብሎ ራሱን በቀስታ ነቀነቀለት፤ ሰነፍ ተማሪው አንድ ጊዜ ትክክል የመለሰለት አስተማሪ ዓይነት አነቃነቅ። ጎበዝ፣ ገባህ አይደል፣ የሚል።

የአለቃ መዶሻ እጅ ተነሣ። እሱ ያነሣው አልመሰለውም፤ ንዴቱ ነው ብድግ ያደረገው። ዳቦ ጋጋሪው ዞር ብሎ አይቶት የራሱንም አወጣ።

እንውጣ ያሉት በጥቂት ድምፅ በለጡ። ቆብ ወደ ጣሪያ ተወረወረ፤ ሰው ተቃቀፈ፤ ሰብሳቢው ደወሏን ቢደውል ማን ይሰማዋል። በዚያ ሁሉ መሃል አለቃ መዶሻ አማቹን አየው። ጠበቃው መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በሁለት መዳፉ ፊቱን ሸፍኖ ነበር። ለካ ያም ሰው የምሩን ነው የፈራው። ሄጄ አንድ ነገር ልበለው አለ በልቡ፤ ከዚያ የቡሎኑ ነገር ትዝ አለውና ቀረ።

በማግስቱ ከተማቸው ሲደርሱ ጣቢያው በሰው ጥቅጥቅ ብሏል። ዳቦ ጋጋሪውን በትከሻቸው ተሸከሙት፤ እሱም እንባ በእንባ ሆኖ ለሁሉም ይስቃል። አለቃ መዶሻ በጓሮ በኩል ሾልኮ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ኮቱን ተቀበለችው።

«መልስ ሰጡህ?»

«አልሰጡኝም።»

«እጅህንስ?»

«አወጣሁ።»

ኮቱን አጣጥፋ አስቀመጠች። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። «ወንድሜን አገኘኸው?» አለች።

«እጄን ያስወጣኝ እሱ ነው» አለ። እንደ ልጅ ማሳበቡ ለራሱም ተሰማውና አፈረ። እሷ ግን፣ «ሁለታችሁ ተጋግዛችሁ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ኅብረቱ ጦር አላከም፤ አልተሳደበም። ባዶ የባቡር ሞተሮችን ብቻ ላከ። በየቀኑ አንድ ሞተር መጥቶ የተጠገነውንም ያልተጠገነውንም ፉርጎ እየቀጠለ በድልድዩ አሻግሮ ይወስዳል። ሠራተኞቹ እንያዛቸው፣ አናስወስድም ብለው ለሻለቃው ቴሌግራም መቱ። «ድርድር ላይ ነን፤ በትዕግሥት ጠብቁ» የሚል መልስ መጣ። ጠበቁ። የመጨረሻው ሞተር በመጣ ጊዜ መጠገኛው ውስጥ የቀረው መስኮት የሌለው አንድ የፖስታ ፉርጎ ብቻ ነበር።

ዋና መሐንዲሱ ሻንጣውን ይዞ በሐዲዱ ዳር ቆሞ ነበር። ገና ወጣት ነው፤ አለቃ መዶሻ ሲመጣ ሲያይ ቆቡን አወለቀ።

«ጋሼ፣ ሳልሰናበትዎት ልሄድ አልፈለግሁም» አለ።

«እኔም ሳልጠይቅህ እንድትሄድ አልፈለግሁም። ፉርጎዎቹ የሚሄዱት የት ነው? ያን ሁሉ የሚያነሣ መጠገኛ ታች አገር የለም።»

መሐንዲሱ ወደ ጫማው አየ። «ከወደቡ አጠገብ አለ። ጣሪያው ሊያልቅ ነው። መሠረቱ የተጣለው ካቻምና ነው።»

«ካቻምና?» አለቃ መዶሻ በመጀመሪያ የሰማውን አላመነም። «ያን ጊዜ እኮ እንውጣ የሚል ወሬ እንኳ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ባንወጣስ ኖሮ?»

«ባትወጡም ጋሼ። እዚያ ወደብ አለ፣ ድንጋይ ከሰሉ ቅርብ ነው። እዚህ ያለው እንዲዘጋ ከተወሰነ ቆይቷል። እንዳልናገር ታዝዤ ነበር።»

በዚያ አዳራሽ ስንት ሰው ተናገረ፤ ስንት ጊዜ ደወል ተደወለ። ሻለቃው አላወቀም፤ ጠበቃው አላወቀም። ዕውር ዕውርን ሲመራ እንደሚባለው፣ አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ሲጎትቱት፣ መንገዱ ከተቆረጠ ሰንብቷል። አለቃ መዶሻ የሚቆጣበት ሰው ፈለገ። ከፊቱ የቆመው ፊቱ የገረጣ ልጅ ነው፤ ይህን ልጅ መፍቻ አያያዝ ያስተማረው እሱ ነው።

«ሂድ» አለው። «ባቡርህ እንዳያመልጥህ።»

መሐንዲሱ ከኪሱ በሽቦ የታሰሩ ቁልፎች አወጣ። «የመጠገኛው ናቸው። ከአሁን በኋላ ዋናው ኃላፊ እርስዎ ነዎት። ከመጀመሪያውም መሆን ነበረበት።»

አለቃ መዶሻ ቁልፎቹን ተቀበለ። አሥራ ምናምን ዓመት ሲመኘው የኖረ ሹመት ነው። ባቡሩ ፉጨቱን አሰምቶ የፖስታውን ፉርጎ እየጎተተ ሄደ፤ የመጨረሻው የብረት ጎማ ድምፅም ከድልድዩ ማዶ ጠፋ።

ሠራተኞቹ ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ጠበቁት። «መሐንዲሱ ምን አለህ?» አሉት።

ሊደብቃቸው አልፈለገም። የሰማውን ሁሉ ነገራቸው፤ ብንቆይም ይዘጉት ነበር አላቸው።  ከኋላ አንዱ ሳቀ። «እንግዲያው ደግ አደረግን። ከመባረር መውጣት ይሻላል» አለ። «እውነት ነው፣ ደግ አደረግን» አሉ ሌሎቹም። አንዳንዱ ያጨበጭብ ጀመር።

«አታጨብጭቡ» አለ አለቃ መዶሻ። ድምፁ ከፍ አላለም፤ ግን ጭብጨባው ቆመ። ተጨማሪ ነገር ሊናገር አሰበ። ደግ አላደረግንም፣ ክፉም አላደረግንም፣ ምንም ሳናውቅ ነው ያደረግነው፣ ሊል ፈለገ። የሚያዩትን ፊቶች ሲያይ ግን ተወው። ሁሉም ከጠዋቱ ጀምሮ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው መጥተዋል።

ትልቁን በር በአዲሱ ቁልፉ ከፈተው። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሐዲዶቹ ብቻ ያብለጨልጫሉ፤ ፉርጎ ማንሻው ክሬን ሰንሰለቱን አንጠልጥሎ ቆሟል።

«ክሬኑን ቅባት ቀቡት» አለ። «እንዲህ ከቆመ ይዝጋል።»

«ምን ልናነሣበት ነው?» አለ አንዱ።

«አላውቅም» አለ አለቃ መዶሻ፣ ኮቱን አውልቆ እጅጌውን እየሰበሰበ። «ቅባቱን አምጡ።»